ጥንቸሏን በገመድ ይዛ የምትንሸራሸረው ሴት

ባለፈው ወር አንድ የጫማ ካርቶን ጣልኩ።

ካርቶኑ የሰባት ዓመቷ ልጄ ነበር። ውስጡ ከአሮጌ ነጠላዬ የተቀደደ ፍራሽ፣ ከቢሮ ካመጣኋቸው ብሮሸሮች ተቆርጦ የተለጠፈ መጋረጃ፣ በአይስክሬም እንጨት የተሠራ አጥርና የደረቀ የዳቦ ፍርፋሪ ነበረበት። ለካ የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ሥር ለወለደችው ድመት የታሰበ ቤት ኖሯል። እኔ ግን ቅዳሜ ጠዋት መጥረጊያ ይዤ ስገባ የታየኝ ቆሻሻ ብቻ ነበር። ልጄ ከውጭ ገብታ ቦታውን ባዶ ስታገኘው አላለቀሰችም። «እማዬ፣ ጣልሽው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ» አልኳት። አለቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን «መቀስ ስጪኝ» ብላኝ አታውቅም።

መቼም እናንተም ቤት እንዲህ ዓይነት ልጅ አይጠፋም። ኪሱ ውስጥ ቀንድ አውጣ ይዞ የሚመጣ፣ ደህናውን ካልሲ ቀዶ ለአሻንጉሊት ኮት የሚሰፋ፣ የቆሰለች እርግብ ይዞ ገብቶ ምሳ የሚያስረሳ። «ይሄ ልጅ መጨረሻው ምን ይሆን?» የሚያሰኛችሁ።

እኔ በሙያዬ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ካርቶኑን ከጣልኩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሥራ አንድ ነገር ሳፈላልግ ነበር፦ ከልጆች መጽሐፍ የወጡ ገጸ ባሕርያት እንዴት አሻንጉሊት፣ ሰሃንና ፒጃማ ላይ እንደሚወጡ። ፍለጋው ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ወስዶ አንዲት እንግሊዛዊት ጋ አደረሰኝ። ቢያትሪክስ ፖተር ትባላለች። ሰማያዊ ኮት የለበሰውን ጥንቸል፣ ፒተር ራቢትን፣ ልጆቻችሁ በመጽሐፍ ባይሆን በፊልም ያውቁት ይሆናል፤ የፈጠረችው እሷ ናት። ስለ ገበያዋ ላነብ ጀምሬ ስለ ጠባይዋ ሳነብ አመሸሁ። ካገኘኋቸው ነገሮች ዘጠኙን እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የልጅነት ክፍሏ የእንስሳት መንደር ነበር

ቢያትሪክስ የተወለደችው ሐምሌ 28 ቀን 1866 ለንደን ውስጥ፣ ሳውዝ ኬንሲንግተን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ነው። ትምህርት ቤት አልገባችም፤ በዘመኑ ወግ ቤት ድረስ በሚመጡ ሴት አስተማሪዎች ተማረች። የዕድሜ እኩዮቿን የምታገኘው ከስንት አንዴ ነበር። በስድስት ዓመት ከሚያንሳት ወንድሟ ከበርትራም ሌላ ጓደኞቿ እንስሳት ነበሩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው ክፍላቸው ውስጥ ጥንቸሎች፣ አይጦች፣ እንቁራሪቶች፣ እንሽላሊቶች፣ ኤሊ፣ የሌሊት ወፍ፣ እባብ ሳይቀር በተለያየ ጊዜ ኖረዋል።

ልጆቹ እንስሳቱን አቅፈው መሳም ብቻ አልነበረም ሥራቸው። አንዱ ሲሞት ቆዳውን ገፈው፣ ሥጋውን ቀቅለው፣ አጥንቱን አጽድተው ይስሉት ነበር። አዎ፣ ይቀቅሉት ነበር። እኔም እንደ እናንተ ፊቴን አጨማድጄ ነው ያነበብኩት። በኋላ ግን ሥዕሎቿን ሳይ ገባኝ። ፒተር ሰው መስሎ በሁለት እግሩ ሲቆም እንኳ እውነተኛ ጥንቸል የሚመስለው ከቆዳው በታች ያለውን አጥንት ስለምታውቀው ነው።

2. ጥንቸሏ የሻይ ሰዓት ያውቅ ነበር

የመጀመሪያው ታዋቂ ጥንቸሏ ቤንጃሚን ባውንሰር ይባላል። እንደ ውሻ በገመድ አስራ ታንሸራሽረው ነበር፤ በገመድ ይዛው የተነሣችው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አለ። ቤንጃሚን ቅቤ የተቀባ ትኩስ ዳቦ ይወዳል። የሻይ ደወል ሲሰማ እየተጣደፈ ወደ ሳሎን ይገባ ነበር። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ፒተር ፓይፐር ደግሞ ለንደን ውስጥ ሼፐርድስ ቡሽ ከሚባል ሰፈር በ4 ሽልንግ ከ6 ፔንስ የተገዛ ነው። ዋጋው በጣም እንደበዛባት ራሷ ጽፋለች። ያ የተወደደባት ጥንቸል በኋላ ስንት እንዳስገኘላት ስናስብ ግን ከዚህ የረከሰ ግዢ ያለ አይመስለኝም።

3. የመጀመሪያ ገቢዋ ጥንቸሉን አሰከረው

በ1890 ቤንጃሚንን ሞዴል አድርጋ የሳለቻቸውን የበዓል ካርድ ሥዕሎች አንድ ድርጅት በ6 ፓውንድ ገዛት። ዕድሜዋ 24 ገደማ ነበር። የመጀመሪያ ደመወዛችሁን ስትቀበሉ ምን አደረጋችሁ? እኔ ለእናቴ ሻሽ ገዛሁ። ቢያትሪክስ ለጥንቸሏ አንድ ስኒ ሙሉ የሄምፕ ፍሬ ሰጠችው። በማግስቱ ጠዋት ልትስለው ስትል ቤንጃሚን ሞቅ ብሎት አልያዝ አለ። ይህን ታሪክ የምናውቀው ከራሷ ማስታወሻ ነው። የማስታወሻው ነገር ደግሞ ሌላ ጉድ አለው።

4. ማስታወሻዋን ማንም እንዳያነበው በራሷ ፊደል ጻፈችው

ከ14 እና ከ15 ዓመቷ ጀምሮ እስከ 30ዎቹ ዕድሜዋ ድረስ ማስታወሻዋን የያዘችው ራሷ በፈጠረችው ምስጢራዊ ጽሕፈት ነው። ጽሑፉ ደቃቅ ከመሆኑ የተነሣ ያለ ማጉያ መነጽር አይለይም። እሷ ከሞተች በኋላ ሌዝሊ ሊንደር የሚባል መሐንዲስ ለመፍታት ለዓመታት ታገለ። በ1958 የፋሲካ ማግስት አንድ ገጽ ላይ ዐይኑ በሮማውያን የተጻፈ 16 ቁጥርና 1793 የሚል ዓመት ላይ አረፈ። በ1793 አንገቱ የተቀላው የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ትዝ አለው። በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ፊደሉን በሙሉ ፈታው።

ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ የተገኘው ምስጢር ምን መሰላችሁ? ስላየቻቸው ሥዕሎች፣ ስለ አየር ጠባዩ፣ ስለ ፖለቲካው፣ ስለ ጥንቸሉ። የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። የሚመስለኝ፣ ልጅቷ የፈለገችው የሚደበቅ ነገር ኖሯት ሳይሆን የራሷ የሆነ ቦታ ነው። በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ ቦታ ያገኘችው እዚያች ገጽ ላይ ነበር።

5. እንጉዳይ አጥንታ በር ተዘጋባት

ከእንስሳት ቀጥሎ ልቧን የወሰደው እንጉዳይ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ የእንጉዳይ ሥዕሎች ሠርታለች። ስኮትላንድ ለእረፍት ሲሄዱ ተፈጥሮን የሚያጠና ቻርልስ ማኪንቶሽ የሚባል ፖስተኛ አስተማሪ ሆናት። ቤቷ ውስጥ የእንጉዳይ ዘር አብቅላ በማይክሮስኮፕ ተከታተለች፤ ያየችውንም ጻፈች። ሚያዝያ 1 ቀን 1897 ጥናቷ የለንደኑ ሊንያን ሶሳይቲ ፊት ቀረበ። ያቀረበው ግን ጆርጅ ማሲ የሚባል ባለሙያ ነው። ያኔ ሴት በማኅበሩ ስብሰባ ላይ መገኘት ስለማትችል ባለቤቷ የለችም። ጥናቱ ሳይታተም ቀረ። ማኅበሩ እንዳልተገባ ሁኔታ እንዳስተናገዳት ያመነው በ1997፣ ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ሥዕሎቿ ግን ዛሬም የእንጉዳይ ዓይነቶችን ለመለየት ያገለግላሉ።

6. ያ ሁሉ ሀብት የተነሣው ለታመመ ልጅ ከተጻፈ ደብዳቤ ነው

እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ይህ ነው። መስከረም 4 ቀን 1893 ቢያትሪክስ ስኮትላንድ ሆና ለአንድ የአምስት ዓመት ሕፃን ደብዳቤ ጻፈች። ልጁ ኖኤል ይባላል፤ የቀድሞ አስተማሪዋ የአኒ ሙር ልጅ ነው፤ ታሞ ተኝቷል። የምትጽፍለት ወሬ ስላጣች የአራት ጥንቸሎች ታሪክ ፈጠረችለት፤ በየመስመሩ መካከል ሥዕል እየሣለች። ከአራቱ አንዱ ፒተር ነበር።

ዓመታት አለፉ። በ1900 አካባቢ እናቱ አኒ «እነዚህ ደብዳቤዎችሽ እኮ መጽሐፍ ይወጣቸዋል» አለቻት። ቢያትሪክስ ግን ቅጂ አልነበራትም። ኖኤልን ጠየቀችው። ልጁ ደብዳቤውን አስቀምጦታል! አበደራት፤ ገልብጣ መለሰችለት።

እስቲ አስቡት። ሰባት ዓመት ሙሉ። በዚያ መካከል ስንት ቅዳሜ ቤት ተጸድቷል? አኒ ሙር ብዙ ልጆች የምታሳድግ እናት ነበረች። አንድ ቀን «ይሄ ቆሻሻ ወረቀት» ብላ ብትጥለው ኖሮ ያቺ መጽሐፍ ላትኖር ትችል ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ በረንዳው ላይ ያለውን ባዶ ቦታ አየሁ።

7. አሳታሚዎች ሲመልሷት በራሷ ገንዘብ አሳተመች

መጽሐፉን አሳታሚዎች አንድ በአንድ መለሱት። እሷ የምትፈልገው በሕፃን እጅ የምትያዝ፣ ዋጋዋም የማይከብድ ትንሽ መጽሐፍ ነው፤ እነሱ ሌላ ፈለጉ። ስለዚህ ታኅሣሥ 1901 ላይ በራሷ ገንዘብ 250 ቅጂ አሳተመች። ወዲያው አልቆ 200 ተጨመረ። ከዚያ ፍሬድሪክ ዋርን የሚባለው አሳታሚ ሥዕሎቹ በቀለም እንዲሆኑ ተስማምቶ በጥቅምት 1902 አወጣው። ዓመቱ ሳያልቅ 28,000 ቅጂ ታተመ። እኛ ቢሮ ውስጥ «ደንበኛህን እወቅ» እየተባለ ስልጠና ይሰጣል። እሷ ደንበኛዋን ታውቀው ነበር፤ አምስት ዓመቱ ነው፣ አልጋ ላይ ነው፣ እጁም ትንሽ ነው።

8. በመርፌና በክር ማርኬቲንግ ሠራች

እጇ ብሩሽ ብቻ አይደለም የሚያውቀው። በ1903 ሌላ ሰው የፒተርን አሻንጉሊት ሳይሠራ በፊት ራሷ አቡጀዲ ቆርጣ፣ ሰፍታ፣ ጺሙን ከብሩሽ በነቀለችው ፀጉር ተክላ ሠራችው። ከዚያም የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤት አስመዘገበችው። በዚያው ሰሞን ለቤት ውስጥ የሚሆን የፒተር ጨዋታም አወጣች፤ የግድግዳ ወረቀትም አሰበች። ጥንቃቄዋ ያለ ምክንያት አልነበረም። አሳታሚው በአሜሪካ የቅጂ መብት ሳያስመዘግብ በመቅረቱ እዚያ መጽሐፉን የፈለገ ሁሉ እያተመ ይሸጠው ጀመር። በማርኬቲንግ ትምህርት ቤት በአራት ዓመት የተማርኩትን ነገር ይህች ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠች ሴት ቤቷ ቁጭ ብላ ደርሳበታለች።

ለሥራዋ የምትከፍለው ልፋትም ያስቃል። ስለ ልብስ ሰፊ የሚያወራውን መጽሐፏን ስታዘጋጅ እውነተኛ ልብስ ሰፊ እንዴት እንደሚቀመጥ ማየት ፈለገች። ምን አደረገች? የራሷን ኮት ቁልፍ በጥሳ «ትከሉልኝ» ብላ ቼልሲ ወደሚገኝ ልብስ ሰፊ ገባች፤ እሱ ሲተክል እሷ ሱቁን አየች። ለታሪኩ የሚሆኑትን ጥልፍ ሰደርያዎች ደግሞ ከሙዚየም ገልብጣ ነው የሣለቻቸው።

ሌላዋ ሞዴሏ ሚስስ ቲጊ ዊንክል ነበረች። ቲጊ እኛ ከምናውቃት ጃርት በጣም የምታንስ፣ ጭን ላይ የምትተኛ እሾሃም የአውሮፓ እንስሳ ናት። ጭን ላይ ስትተኛ ደስ ይላታል፤ ለሥዕል ግማሽ ሰዓት ቀጥ አድርገው ሲያቆሟት ግን መጀመሪያ ታዛጋለች፣ ቀጥሎ ትናከሳለች። ቢያትሪክስ ከጥጥ አምሳያዋን ሠርታ ልብሱን ለአምሳያው አለበሰችው፤ ቲጊም ተገላገለች።

9. ቤት የሠራላትን ሰው አጣች፤ ከዚያ በግ አረባች

ሁለት አይጦች ነበሯት፤ ከዘመዷ ቤት ማእድ ቤት በወጥመድ ተይዘው ከሞት የተረፉ። ስማቸው ቶም ተምብና ሀንካ መንካ። የአሳታሚዋ ቤተሰብ ታናሽ ልጅ፣ አርታኢዋ ኖርማን ዋርን፣ እንጨት ሥራ ይወድ ነበርና አይጦቹን እየተመለከተች እንድትስል ፊቱ መስታወት የሆነ ቤት ሠራላቸው። ኖርማን ለወንድሙ ልጅ የሠራውን የአሻንጉሊት ቤትም ለመጽሐፏ ልትስለው ፈልጋ ነበር፤ ወደዚያ እንዳትሄድ እናቷ ስለከለከሏት እሱ ፎቶግራፉን ላከላት።

ሐምሌ 1905 ኖርማን በደብዳቤ ለትዳር ጠየቃት። 39 ዓመት ሊሞላት ቀናት ቀርተዋት ነበር። እሺ አለች። ወላጆቿ ግን «ነጋዴ ነው» ብለው አልተቀበሉትም፤ የእነሱ ሀብት ራሱ ከጥጥ ንግድ የመጣ መሆኑን ረስተው። ቀለበቱን አደረገችው። ከአንድ ወር በኋላ፣ ነሐሴ 25 ቀን፣ ኖርማን በደም ካንሰር ሞተ።

ያ ዓመት ሳያልቅ በሰሜን እንግሊዝ ሌክ ዲስትሪክት ውስጥ ሂል ቶፕ የሚባል እርሻ ገዛች፤ ከገንዘቡ አብዛኛው የመጽሐፍ ገቢዋ ነው። በ1913፣ በ47 ዓመቷ፣ መሬት ስትገዛ ጉዳዮቿን የሚይዝላትን ጠበቃ ዊልያም ሂሊስን አገባች። ወላጆቿ ይህንንም አልወደዱትም ነበር። ከዚያ በኋላ ሚስስ ሂሊስ ተብላ መጠራትን መረጠች፤ ሄርድዊክ የሚባሉትን የተራራ በጎች አረባች። በዚያ በግ ጠጉር የተሠራ ሻካራ ልብስና የእንጨት ነጠላ ጫማ አድርጋ በዝናብ ስትሄድ አንድ መንገደኛ ለማኝ ብጤው መስላው «ለእንደ እኔና አንቺ ላለ ሰው ክፉ ቀን ነው» ብሎ አዝኖላታል ይባላል። በ1943 የሄርድዊክ በግ አርቢዎች ማኅበር ለሚቀጥለው ዓመት ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጣት፤ ለሴት የመጀመሪያው ነበር። ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ ታኅሣሥ 22 ቀን አረፈች። ከ4,000 ኤከር በላይ መሬትና ከደርዘን የሚበልጡ እርሻዎችን ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ተቋም ተናዘዘች፤ በጎቹም ሜዳቸው ላይ እንዲቆዩ አደራ ብላ።

እና እኛስ?

ይህን ስታነቡ «የእኛም ልጅ እንደ እሷ ዝነኛ ይሆናል» ብዬ ላጽናናችሁ እየሞከርኩ እንዳይመስላችሁ። ካርቶን የሚቆርጥ ልጅ ሁሉ ደራሲ አይሆንም፤ መሆንም የለበትም። እኔን የቆጠቆጠኝ ሌላ ነው። የቢያትሪክስ ወላጆች ክፉ አልነበሩም። ለእንስሳቱ ፎቅ ሰጥተዋል፣ ቀለም ገዝተዋል፣ አባቷ ፎቶግራፍ አንሺ ስለነበሩ አብረዋት ሙዚየም ሄደዋል። ልጃቸው የምትሠራውን ነገር ወደዱት፤ በሠራችው ነገር የራሷን ሕይወት ልትኖር ስትል ግን አልሆነላቸውም። እኛም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነን። የልጃችንን ሥዕል ፍሪጅ ላይ እንለጥፋለን፣ ለእንግዳ እናሳያለን። ወለሉን ሲያቆሽሽብን ግን መጥረጊያ እናነሣለን።

ስለዚህ ከራሴ ጥፋት የተማርኩትን ብቻ ልንገራችሁ። ከመጣላችሁ በፊት «ይሄ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ረጅም ነው፤ ቁጭ ብላችሁ ስሙት። አንዲት ጥግ፣ አንድ ሳጥን እንኳ ብትሆን፣ ያለ እነሱ ፈቃድ የማይነካ ቦታ ስጧቸው። እንስሳ ከሆነ ደግሞ ፍቅሩ እንዳለ ሆኖ እጅ መታጠብን አስተምሩ፤ ድመትም ሆነ ውሻ ከቧጠጠ ወይም ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ደጋግሞ አጥቦ ሐኪም ጋ መሄድ ነው፤ ለነገ አይባልም።

እኔ ባለፈው እሑድ ከቢሮ ትልቅ ካርቶን ይዤ ገባሁ። የልጆች መቀስም ገዝቼ ነበር። ልጄ ፊት ቁጭ ብዬ «ያንን ቤት በመጣሌ ይቅርታ፤ ቤት መሆኑን አላወቅኩም ነበር» አልኳት። ካርቶኑን አገላብጣ አየችው። ስለ ይቅርታው ምንም አላለችም።

«ይሄ ትልቅ ነው፤ ይበርዳቸዋል» አለች።

ከዚያም ቁም ሣጥኔን ከፍታ ነጠላ መምረጥ ጀመረች። አዲሱን ነው ያነሣችው። አፌን ያዝኩት።